አንድ ለእናቱ

በረኛው የተባለው በሁለት ምክንያት ነው። በእኛ የቀለም ቡድን ውስጥ በር የሚቀባው እሱ ነው። ግድግዳ ማንም ይቀባል፤ በር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብሩሹ መስመር ጥሎ ካለፈ የቤቱ ባለቤት በገባ በወጣ ቁጥር ያንን መስመር እያየ ይራገማል። ደግሞ እሁድ እሁድ ከአናጺዎቹ ጋር ኳስ ስንጫወት ጎል ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ሳይንጠራራ የበር ጉበን የሚነካ ሰው ሌላ የት ይቆማል? ድምፁም እንደ ቁመቱ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሲያስነጥስ መንገድ ላይ የቆመ ሰው «ይማርህ» ብሎት ያውቃል።

የሱን ጉዳይ የማወራው ተደብቄ ሰምቼ አይደለም። ራሱ ላገኘው ሰው ሁሉ አውርቶታል። «እኔ በሌለሁበት እናንተ አውሩልኝ» ብሎ አደራ ጭኖብናል። እንግዲህ አደራ በሊታ ላለመሆን ይኸው።

አንድ እሁድ የአናጺዎቹ አጥቂ ከቅርብ ርቀት የለጋት ኳስ በረኛውን እግሮቹ መካከል አገኘችው። እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተዘረጋ። እኛም እንደ ወጉ ሳቅን። የተመታው ሰው እንኳ ትንፋሹ ሲመለስ ይስቃል፤ ወንድ እዚያ ቦታ ሲመታ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። ማታውኑ ሕመሙ ለቀቀው። ገላውን ሲታጠብ ግን «ለመሆኑ ዕቃው ሰላም ነው?» ብሎ ሲዳስስ፣ የግራው የዘር ፍሬ ላይ እንደ ሽንብራ የጠነከረ ነገር እጁ ገባ። ተጫነው፤ አላመመውም። የቀኙን ዳሰሰ፤ እዚያ የለም።

«ኳሷ ናት፤ ይጠፋል» ብሎ ተወው። አልጠፋም። ሳምንታት አለፉ፤ ሽንብራው ያው ሽንብራ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ወፈር ያለ መሰለው። ጥርስ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሲያስጮኸው አድሮ ጠዋት ሐኪም ደጃፍ ያቆመው ነበር። የማያም ነገር ግን ተንኮለኛ ነው፤ ሰውን አባብሎ ቤቱን ይሠራል።

እኛ ያወቅነው ዝም በማለቱ ነው። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። አንዱን በር ቀብቶ ይጨርስና፣ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ይቀባዋል። የቡድናችን አለቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ አንድ ቀን አጠገቡ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ይህ በር ምን በደለህ?»

«ወገቤን ነው ጋሼ» አለ። ጥያቄው ስለ በር፣ መልሱ ስለ ወገብ። ያን ጊዜ አልገባንም እንጂ ወገብ ማለት ለወንድ መጋረጃ ነው። ከእምብርት በታች፣ ከጉልበት በላይ ያለውን ሁሉ «ወገቤን» ብሎ ይሸፍነዋል።

መጀመሪያ የነገረው ለአባቱ ነው። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሶፋው ላይ መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። እናቱ ወጣ ስትል ጠብቆ ነገራቸው።

«ቡአ ነው» አሉ አባቱ፣ ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። «ያ የቀለም ባልዲ ነው ያመጣብህ። ይተውሃል።»

«ሐኪም ቢያየው ብዬ ነበር አባባ።»

አሁን ዞር አሉ። «ሐኪም? ሐኪም ቆርጦ መጣል እንጂ ሌላ ምን ያውቃል? ደግሞ ሠርግህ ደርሶ! እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም። ሰምተሃል?»

ሰምቷል። ለጥቂት ቀን ያህል እሺ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ግን ለእጮኛው መንገሩ አልቀረም። እጮኛው መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ መስተዋቱን በሰው ዐይን ልክ የምትሞርደው እሷ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ደጃፍ አገኛትና፣ ጫማውን እያየ፣ ግማሹን እየዋጠ ነገራት። እሷ እጇ ላይ የቀረውን የመስተዋት ዱቄት በሽርጧ ጠረገች።

«እኔ ጋ የሚመጣው ሰው» አለችው፣ «ስንት ዓመት ‹አያለሁ› እያለ እንደኖረ ብታውቅ! የአውቶቡስ ቁጥር እየገመተ ሲሳፈር የኖረ አለ። የልጁን ፊት በድምፅ የሚለይ አለ። ለምን ቶሎ አልመጣህም ስለው ‹መነጽር ያስረጃል› ይለኛል። አንተም እየገመትክ ልትኖር ነው?»

«እፈራለሁ» አላት።

«ፍራ። ማን ከለከለህ? እየፈራህ ሂድ።»

ሄደ። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል መስኮት ወፍራም መስተዋት ያለው ነው፤ መስተዋቱ ላይ እንደ ብርቱካን የምታህል ክብ ቀዳዳ አለች። ሰው በዚያች ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ሕመሙን ያወራል፤ ከኋላው ያለው ሰልፍ ደግሞ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። ካርድ አውጪው እስክሪብቶውን አነሳና «ምንህን ነው?» አለው።

በረኛው ዞር ብሎ ሰልፉን አየ። «ወገቤን» አለ።

ወደ አጥንት ክፍል ላኩት። አንገታቸውን በድጋፍ ካሰሩና እግራቸውን ከሰቀሉ ሰዎች ጋር ተራ ጠብቆ ገባ። የአጥንት ሐኪሙ ጀርባውን ጫን ጫን አደረገ፤ ጎንበስ ቀና አስባለው፤ የሚቀባ ቅባት አዘዘለት። ጤነኛ ወገቡን ቅባት እየቀባ ሰነበተ። ዛሬ ይህን ሲያወራ ራሱ ይስቃል፤ «ውሸታም ወገብ፣ እውነተኛ ቅባት» ይላል። ያን ቀን ግን አልሳቀም። አውቶቡስ ውስጥ ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቅባት እስኪጣመም ጨመቀው አለን። መጀመሪያ ፍርሃት መስሎት ነበር። ቤቱ ሲደርስ ግን ንዴት መሆኑ ገባው። በማን እንደተናደደ አላወቀም፤ በሰልፉ ይሁን፣ በአባቱ ይሁን፣ በራሱ ይሁን።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ያችው ቀዳዳ ፊት ቆመ።

«ምንህን ነው?»

«የዘር ፍሬዬን» አለ ዝቅ አድርጎ።

«አልሰማሁህም፤ ጮክ በል!»

ጮክ በል ተባለ። ለማን? ለበረኛው! ያችን አራት ፎቅ የምታልፍ ትንፋሽ ሳበና፣

«ቆለጤን! የግራ ቆለጤ ላይ እብጠት አለ! ሐኪም እንዲያየው ነው የመጣሁት!»

የካርድ አውጪው እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። አንድ ስልክ እየጮኸ የሚያነሳው ጠፋ። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፤ አንዳንዱ ሳቁን በእጁ አፈነ። ይሄኔ እግራቸውን በፋሻ የታሰሩ አንዲት አሮጊት ከወንበራቸው ላይ ሆነው ከዘራቸውን መሬት ጠቅ አደረጉ።

«ምን ታፈጣላችሁ? ሁላችሁም ከዚያው አይደለም እንዴ የመጣችሁት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን አሁን በእሱ ላይ አልነበረም። ካርዱን ይዞ ሲወጣ፣ ከረባት ያሰረ አንድ ሰው ከሰልፉ ፈቀቅ ብሎ ተከተለውና በጆሮው «ወንድሜ፣ ክፍሉ የት ነው አሉህ? የኔም ወደዚያው ነው» አለው።

ሐኪሟ ሴት ናት፤ በዕድሜም ከሱ ታንሳለች። በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ።

«ዶክተር፣ ወንድ ሐኪም የለም?»

«አለ፤ ሐሙስ ይገባል። ከፈለግህ ጠብቀው፤ መብትህ ነው» አለችው። ካርዱን አየችና «ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቀለም ቀቢ ነኝ።»

«የሰው መኝታ ቤት ትገባለህ ማለት ነው። ታፍራለህ?»

«ምን ያሳፍረኛል? ሥራዬ ነው።»

«ይሄም ሥራዬ ነው» አለችና ጓንቷን አጠለቀች።

ዳሰሰችው፤ ከሥር የባትሪ ብርሃን ይዛ አየች። ውኃ ያዘለ እብጠት ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ይህ አላሳለፈም። አልትራሳውንድ ላከችው፤ ደም አሰጠችው። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደሱ ጎተተች።

«ኳሷ አይደለችም ያመጣችው» አለችው። «ኳሷ ያደረገችው ነገር ቢኖር እጅህን ወደዚያ መላክ ነው። እብጠቱ ፍሬው ውስጥ ነው። ካንሰር ይመስላል። ወጥቶ ሲመረመር ነው በእርግጠኝነት የሚታወቀው።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን ለጥቂት ጊዜ አልሰማም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ያያል። ግድግዳው ላይ የተላጠ ቀለም ነበር፤ «ይህን ከቀለም በፊት ስቱኮ ሳይለስኑ ነው የቀቡት» ብሎ አሰበ። ወደ ራሱ ሲመለስ እሷ እየጠበቀችው ነበር።

«ልድገምልህ» አለችው። «ይህ በሽታ እንዳንተ ያሉ ወጣቶችን ይይዛል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ አብዛኛው ሰው ይድናል። የታመመው ፍሬ በብሽሽትህ በኩል ተከፍቶ ይወጣል። ሌላው ይቀራል።»

«አንዱ… ይበቃል?»

«ጤነኛ ከሆነ ለወንድነትህም፣ ለመውለድም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እሱንም አስቀድመን እንመረምራለን። የማይበቃው ‹ቆይ ልጠብቅ› ማለት ነው።»

አባቱ ሲሰሙ ከሶፋው ተነሡ። «እምቢ! በእኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም! ሰው ምን ይለናል? ማን ይድርልሃል?»

በረኛው ተነሥቶ ከአባቱ ራስ በላይ ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ ድምፁን አላነሣም።

«አባባ፣ እርስዎን ፈቃድ አልጠየቅኩም። እንዲያውቁት ብዬ ነው የነገርኩዎት። ሰው ምን ይላል ላሉት፣ እኔ ስሞትም ሰው አንድ ነገር ማለቱ አይቀርም።»

ለቀዶ ሕክምናው ሲተኛ አባቱ ሆስፒታል አልመጡም። እናቱና እጮኛው ነበሩ፤ እኛም በየተራ ሄድን። አጠገቡ የተኛው አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ይህ ሰው አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለ ድንገት የዘር ፍሬው ላይ ቢላ የገባበት ያህል ታመመ፤ ሆዱን ቁርጠት ይዞት አስመለሰው። ደንበኛ ፊት ማንን ያማክራል? «ነገ ይሻለኛል» ብሎ ተኛ። ለካ ፍሬው በራሱ ገመድ ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ኖሯል። ሆስፒታል በደረሰ ጊዜ ፍሬው ሞቶ ነበርና አወጡት። «በዚያው ሰዓት ብትመጣ እናተርፈው ነበር አሉኝ» እያለ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በረኛው ያን ታሪክ ይዞ ወጣ፤ ዛሬም ከራሱ ታሪክ አስቀድሞ የሚያወራው የፀጉር አስተካካዩን ነው።

የምርመራው ውጤት እንደተፈራው ካንሰር ነበር፤ ግን ከዚያች ፍሬ አልወጣም። ተጨማሪ መድኃኒት አላስፈለገውም። በየጊዜው እየሄደ ደም መስጠትና መታየት ብቻ ታዘዘለት።

ወደ ሥራ የተመለሰ ቀን ነገሩ ሁሉ ከበደን። ማንም ወደ ሱሪው ላለማየት ሲጠነቀቅ ፊቱን እንኳ ማየት አቃተን። ስቱኮ የምንለው ቀልደኛ ጓደኛችን ነው፣ ግድግዳ እየፋቀ ጀርባውን ሰጥቶ፣

«እንኳን ደህና መጣህ፣ አንድ ለእናቱ!» ያለው።

ሮለር ያለበት ቀረ። ጋሼ መሰላል ላይ ሆነው በዐይናቸው ስቱኮን ሊቀብሩት ደረሱ። በረኛው መሳቅ ጀመረ። ስፌቱን በእጁ ደግፎ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያን ቀን ከሰዓት ቱታውን አውልቆ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም በትልቁ «አንድ ለእናቱ» ብሎ ጻፈበት። በዚያው ለብሶት ወጣ። እናቱ ቱታውን ስታይ ነው የተቆጣችው፦ «አራት ወንድ ወልጄ እንዴት አንድ ለእናቱ ትባላለህ? ወንድሞችህ አይቀየሙህም?»

የእጮኛው አጎት ጉዳዩን ሰማ። አንድ ከሰዓት ኮቱን ደርቦ ከች አለ። አባት፣ እናት፣ በረኛውና እጮኛው ሳሎን ተቀምጠዋል። አጎትየው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ስለ አየሩ አወራ፤ ስለ ኑሮ ውድነት አወራ።

«እንግዲህ» አለ በመጨረሻ፣ «ልጃችን ገና ልጅ ናት። አንድ ዕቃ እንኳ ሲገዛ ጉድለት እንዳለው ይታያል…»

እጮኛው ልትናገር አፏን ከፈተች። አባትየው ግን ቀደሟት። እኚያ ሆስፒታል ያልመጡት፣ ከዚያም ወዲህ ከልጃቸው ጋር «ደህና ዋልክ» እንኳ በግድ የሚባባሉት አባት እጃቸውን እንደ መኪና የእጅ ፍሬን ወደ ላይ አነሡ።

«ስማ» አሉት፣ «ልጄ ካንሰር ይዞት ነበር። ቆለጡን አስወጥቶ ዳነ። ዛሬ በቀረችው አንዷ ሠርቶ ቤት ተከራይቷል፤ ሚስቱን ሊያስገባ ነው። አንተ ሁለቱን ይዘህ እስከ ዛሬ የምትኖረው እህትህ ቤት ነው።»

እጮኛው ሳቋን ልትቆጣጠር ወደ ጓዳ ሮጠች። አጎትየው የተቀዳለትን ሻይ ሳይጨርስ ወጣ። ሠርጉ በቀኑ ሆነ፤ እሱም መጥቶ ጠግቦ በላ።

አባቱ ይቅርታ የሚባል ቃል አያውቁም፤ ከአፋቸው ወጥቶም አያውቅም። ግን በሚቀጥለው የቀጠሮ ቀን ጠዋት ጫማቸውን ቦርሸው፣ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። «እኔም ወደዚያ ጉዳይ አለኝ» አሉ። ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም። ሰልፉ ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ ስሙ ሲጠራ ከእሱ ቀድመው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች አንድ በአንድ ወደ በረኛው መምጣት የጀመሩት። ፊት ለፊት የሚመጣ የለም። አንዱ ብሩሽ ሊዋስ ይመጣል፤ አንዱ እሳት ሊጠይቅ። አንዱን ባልደረባችንን ብልቱ ላይ ማሳከክና መላጥ ይዞት ኖሯል፤ የማይሆን በሽታ መስሎት እንቅልፍ አጥቷል። ሐኪሙ ሲያየው እጁ ላይ የቀረው የቀለም ማቅጠኛ ቲነር ነው ያቃጠለው። ቀለም ቀቢ ሽንት ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ ይታጠባል እንጂ ከመግባቱ በፊት እጁን አይታጠብም፤ ለካ እኛ ማስቀደም ያለብን ነበር። ስቱኮ፣ ያ ቀልደኛው፣ ብልቱ ላይ ያልዳነ ቁስል ነበረው፤ የማያም ነው ብሎ ከመድኃኒት ቤት በግምት ቅባት እየገዛ ሲቀባ ከርሟል። በረኛው አንገቱን ይዞ ነው የወሰደው። በደም ምርመራ ቂጥኝ መሆኑ ታወቀ፤ እሱም ሚስቱም ታከሙ። ሚስቱ ያለችውን እዚህ መድገም አልችልም፤ ስቱኮ ለአንድ ሰሞን ቀልድ አልቀለደም።

ጋሼ የመጡት በመጨረሻ ነው። ሰፊ ቱታ የሚለብሱት ለነፋሻነቱ መስሎን ነበር። ለዓመታት እብጠት ተሸክመው፣ መሰላል በሰያፍ እየወጡ፣ ለማንም ሳይነግሩ ኖረዋል። ውኃ ነበር፤ በቀላል ቀዶ ጥገና ተስተካከለ። «ስንት ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ስዞር» አሉ ሲወጡ፣ «የማንን ዕቃ ነው የማደርሰው ብዬ አልጠየቅኩም።»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» ይላል በረኛው ሰው ሲያማክረው። «ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እኔ የማውቀው የበሩን ቦታ ነው፤ ተነስ እንሂድ።» «ልጅስ?» ብለው የሚጠይቁትም አሉ፤ ለእነሱ መልሱ አጭር ነው፤ «ከመጣ ይመጣል። እኔ ግን መጥቻለሁ፤ አለሁ።»

ባለፈው አዲስ ሕንፃ ላይ ሥራ ጀመርን። በረኛው እንደ ልማዱ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ባልዲ ገልብጦ ቆመበት። ልማዱ ነው፤ አዲስ ሳይት ስንገባ ሳይናገር ብሩሽ አይነካም።

«በወር አንዴ በሞቀ ውኃ ስትታጠቡ ፍሬያችሁን ዳስሱ» አለ። «ጠጠር ካገኛችሁ፣ አመመም አላመመም፣ ነገ ሐኪም ጋ። ድንገት ፍሬያችሁን ካመማችሁ ግን ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት! መሰላል ላይ ብትሆኑ መሰላሉን ጥላችሁ ሩጡ። ቁስል ካልዳነ፣ ደም ካያችሁ፣ ፈሳሽ ካያችሁ፣ ካበጠባችሁ ሂዱ። ካርድ ክፍል ደግሞ ‹ወገቤን› እንዳትሉ! ወገብ ቅባት ነው የሚሰጡት!»

የሕንፃው ኮንትራክተር የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ደረሰ። ትንሽ ሰማ፤ ፊቱ ቀላ።

«ምንድን ነው ይሄ ብልግና? እዚህ ሥራ ቦታ ነው፤ ነውር አይወራም!»

በረኛው ከባልዲው አልወረደም። «የትኛውን ነው ነውር ያሉት?» አለው። «ቃሉን ነው ወይስ በሽታውን? ቃሉን ከሆነ ሌላ ስም ያውጡለት፤ በሱው እጠራዋለሁ። በሽታውን ከሆነ ግን እኔን ሊገድለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ወይስ እሱ ነው ነውረኛው?»

ጋሼ ከኋላ ሆነው በሰፊው መዳፋቸው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ስቱኮ ተከተላቸው። ኮንትራክተሩ ያን ሁሉ ሰው ሊያባርር አልቻለም። በረኛውን ግን ከሚያምሩት ከላይኞቹ ፎቆች በሮች ላይ አነሳውና ጨለማ ወዳለበት፣ እርጥበት ወዳለበት ምድር ቤት ላከው፤ የመጋዘን በር እንዲቀባ።

በረኛው ባልዲውንና ብሩሹን ይዞ፣ እያፏጨ ወረደ። ምድር ቤት ቧንቧ ሠራተኞች ነበሩ። ለእነሱም ነገራቸው።